በዶን ኤርኮሌ ደረት ላይ የተሰካው ቀይ ጥብጣብ

መርማሪው ዶን ሳቬሪዮ፣ ከቤተ ክርስቲያን ከተጠራችው ከዶኛ ሉክሬዚያ ጋር ሲገባ፣ ባሏ ዶን ኤርኮሌ ወለሉ ላይ ተንጋሏል። የሪፐብሊኩ ምክር ቤት አባል ነበር። ልቡን በጩቤ ወግተውታል፤ ሸሚዙ ላይ የንጉሡ ሰዎች የሚያደርጉት ቀይ ጥብጣብ ተሰክቷል።

የናፖሊ ከተማ በሥጋት ትናጣለች። ጥር ላይ በንጉሡ ፈንታ ሪፐብሊኩን የመሠረቱት ፈረንሳዮች አሁን በግንቦት ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሰሜን ሄደዋል፤ የንጉሡ ጦር እየተቃረበ ነው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ፋብሪዚዮ ከሬሳው አጠገብ ተነሣ።

«ስገባ ደሙ ገና ይፈስ ነበር» አለ። «ጥብጣቡም እዚያው ነበር። ስጮህ ዘበኞቹ ዓሣ አጥማጁን አኒዬሎን በር ላይ ያዙት። እርስዎ እስኪመጡ እዚሁ ስጸልይ ቆየሁ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

አኒዬሎን በሰንሰለት አስረው አስገቡት።

«መረብ የምናሰጣበት ቦታ ላይ ያንን የሪፐብሊካቸውን ምልክት፣ የነጻነት ዛፋቸውን ተከሉብን! ዶን ኤርኮሌን ልሰድበው መጣሁ፤ ግን ከደጅ አላለፍኩም።»

«ንጉሡን ትወዳለህ?» አለ ሳቬሪዮ።

«ታዲያ እናንተን ልውደድ?»

«ይኸው አመነ!» አለ የዘበኞቹ አለቃ። «ዛሬውኑ ይረሸን!»

ሳቬሪዮ ተንበርክኮ ጥብጣቡን ነቀለና ገልብጦ ለሁሉም አሳየ።

«ከሥሩ ያለው ሸሚዝ በደም ርሶ ደርቋል። ጥብጣቡ ግን ጠብታ አልነካውም። የተሰካው ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አኒዬሎ ታስሯል፤ ዶኛ ሉክሬዚያ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ከሬሳው ጋር የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ዶን ፋብሪዚዮ። ደሙ ሲፈስ ጥብጣቡን አየሁ ያሉት ውሸት ነው። ሰው ያልሠራውን ወንጀል በሌላ ላይ ለመለጠፍ እንዲህ አይደክምም።»

«ወንድምህን?» አለች ሉክሬዚያ።

ፋብሪዚዮ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከዚያ ግን ሳቀ።

«ንጉሡ ሲመለስ በእሱ ጦስ ሁላችንም ልንሰቀል ነበር! አሁን ግን ከሃዲ የገደልኩ ታማኝ እባላለሁ። የሚሰቀሉት እርስዎ ነዎት፣ ዶን ሳቬሪዮ።»

ሳቬሪዮ እውነቱን እንደሆነ ያውቃል። አለቃውም አመነታ።

«ጌታዬ፣ መንግሥታችን ነገ ይኑር አይኑር... በማን ስም ልሰረው?»

«በዶን ኤርኮሌ ስም» አለ ሳቬሪዮ፤ የአኒዬሎንም ሰንሰለት በገዛ እጁ ፈታ።

ዓሣ አጥማጁ የእጁን አንጓ እያሻሸ ጠጋ አለው።

«ንጉሣችን ሲገባ ቤትዎ እንዳይገኙ» አለው በሹክሹክታ። «ጀልባዬ ሳንታ ሉቺያ ወደብ ናት። ሰማያዊዋ።»