የሰኞ አመሻሽ ጥላ

ስለ ዛርና ስለ መንፈስ ሲወራ ሳቄ የሚያመልጠኝ ሰው ነኝ፣ ካልታዘልኩ አላምንም ባይ፣ ሲብስ ደግሞ የሳይንስ መምህር፣ አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ «ምን ጠጥተህ ነው?» ብዬ አሾፍበት ነበር፣ ስለዚህ ባታምኑኝም አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ የማስተምረው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ። ያኔ ወንደላጤ ነኝ፣ ከአጎቴ የደረሰችኝ አንዲት የራሺያ ካሜራ ነበረችኝ፣ ጓደኞቼ ከሥራ በኋላ ጠላ ቤት ሲገቡ እኔ ብርሃን ፍለጋ ጋራ ለጋራ እዞራለሁ። ሰው ማንሣት አልወድም፣ ሰው ካሜራ ሲያይ ይገተራል፣ የኅዳር ፀሐይ ግን አመሻሽ ላይ በገብስ ክምር ላይ ስታርፍ ማየት፣ እመኑኝ፣ ራት ያስረሳል። እያንዳንዱን ፎቶ ያነሣሁበትን ቀንና ሰዓት በደብተር እጽፋለሁ፤ ኋላ ጉድ ያፈላችብኝ ይህች ልማዴ ናት።

ከከተማው በላይ ባለው ጋራ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ከእሷ በስተምዕራብ ብቻውን የቆመ ግራር። አንድ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ግድም እሱን ላነሣ ወጣሁ፣ መሪጌታ ልሳነወርቅ አጥሩ ሥር ቆመው የራሳቸውን ጥላ በእግራቸው ይለካሉ፣ በጾም ቅዳሴ የሚገባው ጥላ እየተለካ ነዋ።

«እዚያ ግራሩ ጋ ሜዳው ለጥ ያለ አይደል? ለምን ድንጋይ ላይ ይንገላታሉ?» አልኳቸው።

«እዚያ አንለካም ልጄ፣ አባቶቻችንም አልለኩም።»

«ለምን?»

«ጥላው አይታመንም» ብለውኝ ወደ ቅዳሴው ገቡ። እኔ በሆዴ ሳቅሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅሁና አንድ ፎቶ አንሥቼ ወረድኩ፣ ጫማዬን ጠርጌ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ በዚያ ጋራ የሚያልፈው የስልክ ሽቦ ተቆርጦ ተገኘ። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ረቡዕ ፊልሙን በአውቶቡስ ደብረ ታቦር ላለው ፎቶ ቤት ላክሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ከተማው ሁሉ «ሽቦውን የቆረጠው ያ ካሜራ ይዞ የሚዞር መምህር ነው» እያለ ሲያማኝ እኔ አልሰማሁም። በሳምንቱ ካድሬው፣ ጓድ ይርጋ፣ አስጠራኝ፤ ከደብረ ታቦር የመጣልኝ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ጓድ መምህር፣ ይህን መቼ አነሣኸው?»

«ሰኞ፣ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት። ደብተሬ ላይ አለ።»

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ጥላ አይጠፋኝም። ይህ የጠዋት ጥላ ነው።»

አየሁት። የግራሩ ጥላ መውደቅ የነበረበት በስተምሥራቅ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ነው፣ ፎቶው ላይ ግን ረዝሞ ወደ ምዕራብ ተኝቷል። ፊልሙ ተገልብጦ ታትሞ ነው ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ነበር፣ ግን ቤተ ክርስቲያኗ ቦታዋ ላይ ናት።

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤቴ ተኝቼ ነበር፣ ብቻዬን» አልኩ፣ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ውሸት መሰለኝ። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ታስሮ ቀርቷል፣ ስለዚህ ለመንኩት፣ «አብረን እንውጣና በዚያው ሰዓት እንደገና ላንሣው፣ መሪጌታም ይመስክሩ።»

ወጣን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስታችንም በዓይናችን አየን፣ ጥላው በደንቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ወድቋል። ጓድ ይርጋ «እንግዲህ!» አለና ከግራሩ አጠገብ ራሱ ቆመ፣ አነሣሁት፣ መሪጌታ ግን ወደ ዛፉ አልተጠጉም፣ ከሩቅ ሆነው ያማትባሉ። ፊልሙን ካሜራዬ ውስጥ እንዳለ ወስዶ ደብረ ታቦር ድረስ ራሱ ሄደ፣ ታጥቦ እስኪደርቅ ከፎቶ ቤቱ አልወጣም አሉ።

ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ፎቶውን ሰጠኝ፤ ካድሬው ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፣ የሱም የግራሩም ጥላ ወደ ምዕራብ ወድቋል፣ የጠዋት ጥላ።

ነጻ ወጣሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ጓድ ይርጋ በሩን ዘጋና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ማክሰኞ ጠዋት ቤቴ ተኝቼ ነበር፣ ብቻዬን» አለኝ።

ክብሪት ጭሮ ሁለቱንም ፎቶዎች ከነፊልማቸው አቃጠለ፣ «ጋራው ላይ አልወጣንም፣ ገባህ?» አለ፣ ገብቶኛል አልኩ፣ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱም እኔን፣ እኔም እሱን በጥርጣሬ እያየን እናልፋለን። ሽቦውን ማን እንደቆረጠው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ለሱም ለመሪጌታም ያልነገርኳት አንዲት ነገር አለች። ያን ማክሰኞ ከእንቅልፌ ስነቃ፣ ማታ ቀለም ቀብቼ ከበሩ በውስጥ በኩል ያኖርኳቸው ጫማዎቼ በጤዛ ርሰው ነበር፣ ማሰሪያቸው ላይ የጋራው ጭጎጎት ተጣብቋል። የቤቱ በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

ካሜራዋን ለሰው ሰጠኋት። ዛሬ ሸምግያለሁ፣ ግን ጠዋት ስነሣ፣ ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ፣ መጀመሪያ የማየው ጫማዬን ነው።