ኢንተርኩለሩ ላይ የተረጨው

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። ያየሁትን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ የነካሁትንም በእጄ። ሌሊት አልነበረም፤ ሕልምም አልነበረም። ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር፣ መጋቢት 2002 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሽመክት እባላለሁ። ያኔ ግዛው የሚባል ሰው ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ።

ከፍያለው የሚባል ሾፌር ደንበኛ ነበረን። ከዩጋንዳ ድንበር፣ ከኒሙሌ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫነ ጁባ አማራት ሰፈር ላሉት ሆቴሎች ያመጣል። ሚስቱ ሒሩት እዚያው አማራት አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራለች። ረጋ ያለ ሰው ነው። መኪናውን ሲያመጣ ሁሌም ለእኔ የሚሆን ቲማቲም በፌስታል ይዞ ይመጣል።

ፒክአፑ ባለ ቱርቦ ናት። በዚያ ሙቀት ዳገት ላይ አቅም ታጣለች። ቱርቦው የሚገፋውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለሩ ነው፤ የጁባ አየር ግን ራሱ የሚጋረፍ ነው። ስለዚህ ኢንተርኩለሩ ላይ ጉም የመሰለ ነገር የሚረጭ ዕቃ ገጠምንለት። ከኋላ ጭነቱ ጋ ትንሽ ታንክ፣ አንድ ፓምፕ፣ ከኮፈኑ ሥር ሁለት መርጫ። በቃ።

የቀረው ታንኩ ውስጥ ምን ይሞላ የሚለው ነበር።

"የተጣራ ውሃ" አልኩ። "ለባትሪ የሚሸጠው ዓይነት። የወንዝ ውሃ መርጫውን ይደፍነዋል። ሌላ ምንም አያስፈልግም።"

ግዛው ሳቀብኝ።

"ውሃ ምን ያቀዘቅዛል? አልኮል እጅህ ላይ ስታፈስ አይበርድህም?"

ከካምፓላ ያስመጣው አንድ በርሜል ሜታኖል ነበረው። የፋብሪካ አልኮል ነው።

"ጋሽ ግዛው፣ ኢንተርኩለሩ እኮ ሞተሩ አናት ላይ ነው ያለው። የሚንጠባጠበው ቱርቦው ላይ ነው። ቱርቦው ሲግል ደግሞ ፍም ነው።"

"ጋራዡ የማን ነው?"

ወደ ፓምፑ ተመለስኩ።

ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። ከበርሜሉ በጀሪካን ቀድቶ ታንኩ ውስጥ ሲገለብጥ ቆሜ አየሁ። ከፍያለው "ምንድን ነው እሱ?" ሲለው፣ ግዛው በጁባ አረብኛ እየቀለደ "ሞያ ነው፣ ማፊ ሙሽኪላ" አለው። ውሃ ነው፣ ችግር የለም ማለቱ ነው።

ከፍያለው ዞሮ አየኝ።

እኔ ፓምፑን የማጠብቅ መስዬ አጎነበስኩ።

በሦስተኛው ቀን ከፍያለው የኒሙሌ መንገድ ላይ ተቃጠለ።

ያዩት ሁሉ የተናገሩት አንድ ነገር ነው። "እሳት አላየንም።" ሰውዬው መኪናውን አቁሞ ኮፈኑን ከፈተ... ከዚያ እየጮኸ ራሱን መምታት ጀመረ። ንብ የወረረው መስሏቸው ነበር። የገባቸው ሸሚዙ ሲጠቁር ነው።

ሜታኖል በፀሐይ ሲነድ ነበልባሉ ለዓይን አይታይም።

ሆስፒታል ሄድኩ። በፋሻ ከተጠቀለለው ፊቱ የሚታየው ከንፈሩ ብቻ ነበር። ሒሩት ራስጌው ቆማለች።

"ሽመክት..." አለኝ በሹክሹክታ።

"አቤት።"

"ምንድን ነበር... የሞላችሁት?"

ሒሩት ቀና ብላ አየችኝ።

"ውሃ" አልኩት።

በማግስቱ ሞተ።

ግዛው ጥቁር ለብሶ ለቅሶ መጣ። ሒሩትን አቅፎ አለቀሰ። "የኤሌክትሪክ ገመድ ነው፤ መንገዱ አንገጫግጮት ተላልጦ ነው" እያለ ለለቀስተኛው ሁሉ አስረዳ። ጥርሴን ነክሼ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ። እሱን ማነቅ አማረኝ። ራሴንም።

ይህም አልበቃውም።

ታንኩና ፓምፑ ከኋላ ስለነበሩ አልተቃጠሉም። በወሩ አጥቦ፣ አክሊል የሚባል ሌላ ሾፌር መኪና ላይ አስገጠመኝ።

"በዚህኛው የምሞላው እኔ ነኝ" አልኩት። "ከነካኸው ሁሉንም አወራለሁ።"

ትከሻውን ነቀነቀ።

የታሸገ የተጣራ ውሃ ገዛሁ። ክዳኑን ራሴ ከፈትኩ። ቀመስኩት። ውሃ ነው። ሞላሁ።

ሞተሩን አስነስተን ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረጨነው።

ታንኩን ከፍቼ አየሁ... አልጎደለም።

መርጫዎቹን አየሁ። እየረጩ ነው።

ኮፈኑን አነሳሁ። ጠብታዎቹ ቱርቦው ላይ ተቀምጠዋል። እጅ የማያስነካ የጋለ ብረት ነው፤ ጠብታዎቹ ግን አይፈሉም፣ አይተኑም። እንደ ላብ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

አክሊል ከኋላዬ መጥቶ አየ።

"ይሄ ከፍያለውን የፈጀው ዕቃ ነው አይደል?" አለ ቀስ ብሎ። "አንሱልኝ።"

ግዛው ተናደደ። እኔን "ሟርተኛ" አለኝ፣ እሱን "ፈሪ"። ጣሳ አምጥቶ ከታንኩ ቀዳ። እጅጌውን ሰብስቦ ፊቱን ታጠበ፣ ክንዱን ታጠበ።

"ይኸው። ውሃ ነው" አለ። ፈገግ እንዳለ።

ጠብታው ከአገጩ ይወርዳል።

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

ክንዱን በመዳፉ መታ አደረገ። እንደገና መታ።

"አጥፉልኝ" አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኗል።

"ምኑን?"

"አጥፉልኝ..."

ክንዱን ያዝኩት። ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ይቀዘቅዛል። እሳት የለም። ጭስ የለም። የክንዱ ፀጉር ግን አንድ በአንድ እየተጠቀለለ፣ እያጠረ ሲሄድ ዓይኔ አየ።

ከዚያ ጮኸ።

አሸዋ በተንኩበት፤ አክሊል ብርድ ልብስ ደረበበት። ብርድ ልብሱ አልተቃጠለም። ውስጡ ያለው ሰው ግን ይቃጠል ነበር።

ሐኪሙ "ምን አቃጠለው?" ብሎ ጠየቀ። አክሊል እኔን አየኝ።

"ውሃ" አለ።

ግዛው ተረፈ። ፊቱና ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ አገር ቤት ተላከ። ሲሄድ ልሰናበተው ብሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የዚያኑ ዕለት ጋራዡ ግቢ ውስጥ ታንኩን አፈር ላይ ገለበጥኩት። በዚያ ወር አንድ ባልዲ ውሃ ብትደፉ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ አፈሩ ይነጣል።

ያ ግን አልደረቀም።

በማግስቱም እርጥብ ነው። በሦስተኛውም ቀን።

በአራተኛው ቀን የደፋሁበት ቦታ ደርቆ አገኘሁት። እርጥቡ መሬት... እኔ ቆሜ የምሠራበት ጠረጴዛ ሥር ነበር።

ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ማንጋቴን የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ።

ሒሩትን እውነቱን ልነግራት ሁለት ጊዜ አማራት ሄጃለሁ። ሁለቴም ከሆቴሉ በር ተመለስኩ። ያንን ግዛውን በልቤ ፈሪ ስለው የኖርኩት እኔ፣ አንዲት ሴት ፊት መቆም አቃተኝ። በራሴ የተናደድኩትን ያህል በማንም አልተናደድኩም።

በሁለተኛው ጊዜ ቤቴ ስመለስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር።

ጎረቤቴ ዘኪያ ደጃፌ ላይ ሰሌን አንጥፋ ተቀምጣለች። ልብስ በመስፋት የምትተዳደር፣ ሳቂታ ሴት ናት።

"አትቀየመኝ፣ ሽመክት" አለችኝ። "የእኔ ደጅ ያቃጥላል። እዚህ ያንተ በር ላይ ግን ደስ ሲል... ይቀዘቅዛል እኮ።"

ሰሌኑ ዳር ያለውን አፈር አየሁ። ጠቁሯል።

"ዘኪያ... ተነሺ።"

"ለምን?"

"ቀስ ብለሽ ተነሺ። እጅሽን መሬት እንዳታስነኪ።"

እየሳቀች ለመነሳት መዳፏን አፈሩ ላይ ተደገፈች።

"ውይ፣ እርጥብ ነው ለካ" አለች።

መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

ደግማ ጠረገች።

ሳቋን አቆመች... መጥረጓን ግን አላቆመችም።