ብሮውዘሩን ማን አበላሸው?

«አሁንም እምቢ አለ!» አለች እናቷ ከሱቁ ውስጥ። «ኢንጂነሯ! ነይ እስኪ፤ ይሄ ነገርሽ ዛሬ ሊያዋርደኝ ነው!»

ልጅቷ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች መጋረጃውን ገልጣ ገባች። የእናቷን የልብስ ስፌት ሱቅ ከመኖሪያ ክፍላቸው የሚለየው ያ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ሥራ ላይ መገኘት ለእሷ ብርቅ አይደለም። እናቷ ማውሱን እንደ ካውያ ጨብጣ ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ትገፋዋለች።

«ስጫነው ቀስቷ ትንሽ ትሽከረከራለች፤ ከዚያ ጭልጥ! ምንም የለም። ካልኩሌተሩ ይከፈታል፣ ዘፈኑ ይከፈታል። ብሮውዘሩ ብቻ ነው ያኮረፈው።»

«ኢንጂነሯ» የሚለውን ስም ያወጣችላት ራሷ እናቷ ናት። አምና መንገድ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ «ይሄማ አልቆለታል፣ ለጌጥ አስቀምጪው» ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ሊኑክስ የሚባል ነጻ ሲስተም ጭና ነፍስ ዘራችበት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይወጣም። ልጅቷ ታሪኩ በተነገረ ቁጥር አፍራ ታቀረቅራለች። ሳይነገር የቀረ ቀን ግን ቅር ይላታል።

«ሲስተር ልትመጣ ነው» አለች እናቷ፤ የክሊኒኳን ነርስ ማለቷ ነው። «የቀሚሷን አንገት ዛሬ ስትመርጥ ልቆርጥላት ተቀጣጥረናል። የአንገቶቹ ፎቶ ያለው ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው።»

እዚያው ውስጥ ማለት ኢንተርኔት የሚከፈትበት ብሮውዘር ውስጥ ማለት ነው። እናቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ እንደማትጥል ሁሉ፣ አንዴ የከፈተችውን ገጽም አትዘጋም። እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ኪሱ፣ ከወራት በፊት ያገኘችው የሕፃን ኮት፣ ሁሉም ተደርድሮ እንደተከፈተ ይኖራል። ኮምፒውተሩን አጥፍታ ስታበራው ሁሉም ካሉበት ይመለሳሉ። እስከ ትናንት ድረስ ማለት ነው።

«ትናንት ማን ነካው?» አለች እናቷ።

ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የአሥር ዓመቱ ወንድሟ ቀስ ብሎ ወጣ። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንለት ሰፈሩ ሁሉ «ፌንጣ» ነው የሚለው። እጁ ላይ የግብ ጠባቂ ጓንት አጥልቋል፤ ዛሬ ከሰዓት የሰፈሩ ቡድን የዋንጫ ጨዋታ አለበት።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጎል ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ድርቅ ብሎ ቀረ። ደነገጥኩና ስክሪኑን ብቻ አጥፍቼ ሮጥኩ።»

«ሳትጠይቀኝ?»

ፌንጣ የጓንቱን ጫፍ መጎተት ጀመረ።

«እንግዲያው ዛሬ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም» አለች እናቷ። «ጓንትህን አውልቅና ያንን የቁልፍ ጣሳ በየቀለሙ ለይልኝ። እኔ ዚፕ ገዝቼ እስክመለስ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፌንጣ እንደ ጠበቃ ይከራከር ነበር። ዛሬ ግን ጓንቱን አንድ በአንድ አውልቆ ወንበር ላይ አስቀመጠና የልብስ ቁልፎቹን መሬት ላይ ዘረገፈ። ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ከልቡ አምኗል። ልጅቷ አንጀቷን በላት፤ ቢሆንም «ሳይጠይቅ ማን ንካ አለው?» አለች በሆዷ። ከዚያ አፏን ተጉመጥምጣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

መጀመሪያ አጥፍታ አበራችው። ብሮውዘሩ ወይ ፍንክች። ቀጥላ ሳይታይ ከጀርባ ተከፍቶ ደርቆ እንደሆነ አየች፤ የለም። ዲስኩ ሞልቶ ይሆን ብላ ተመለከተች፤ ግማሹ ባዶ ነው።

«ሞተ እንዴ?» አለ ፌንጣ፣ ነጭ ቁልፍ በአንድ እጁ፣ ጥቁር ቁልፍ በሌላው ይዞ።

«አልሞተም። ቆይ በስሙ ልጥራው።»

የትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክበብ መምህር ሁልጊዜ የሚሉት ነገር አለ። ምስሉን ስትጫኑት ዝም ይላችኋል፤ በጥቁሩ መስኮት ስሙን ጽፋችሁ ስትጠሩት ግን ምን እንደነካው ይናገራል። ልጅቷ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተች፣ የብሮውዘሩን ስም ጻፈችና ኢንተርን ተጫነች። እውነትም ተናገረ። የተጠቃሚውን ፋይሎች ልከፍታቸው አልቻልኩም፤ ወይ የሉም ወይ አልተፈቀደልኝም አለ።

የእናቷ ገጾች ሁሉ የሚቀመጡት እነዚያ ፋይሎች ባሉበት አቃፊ፣ ማለትም ፎልደር ውስጥ ነው። ተጣድፋ ስትፈልገው ግን ቦታው ላይ አለ፤ አልጠፋም።

አሁን ቀላሉ መንገድ የአቃፊውን ስም መቀየር ነው። ብሮውዘሩ የድሮውን ሲያጣው ራሱ አዲስ ሠርቶ እንደ አራስ ልጅ ንጹሕ ሆኖ ይከፈታል። የእናቷ ኮሌታና ኪስ ግን አብሮ አይመጣም። ይህን አልፈለገችም። «አልተፈቀደልኝም» ያለውን አሰበችና የአቃፊው ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፈች።

ዝርዝሩ ወጣ። የእናቷ መለያ ስም መኖር በነበረበት ቦታ ሁሉ ሌላ ስም ተጽፏል።

ፌንጣ በትከሻዋ በኩል አጮልቆ አነበበ። «ሩት ደግሞ ማናት? ሰፈራችን ሩት የምትባል ልጅ የለችም።»

«ሰው አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የኮምፒውተሩ የበላይ አለቃ ነው።»

ያኔ ትዝ አላት። ትናንት አመሻሽ ላይ ለክበቡ የሚሆን ነገር ልትፈልግ ስትቀመጥ ብሮውዘሩ «ቀድሞም ተከፍቻለሁ» ብሎ አስቸግሯት ነበር። ፌንጣ እንደደረቀ ትቶት የሄደው ነው። ዘግታው እንደገና መክፈት ትችል ነበር። ግን ክበቡ ውስጥ አንድ ፈሊጥ አለ፤ እምቢ ያለ ነገር ሁሉ ፊቱ ላይ «ሱዶ» ይጻፍበታል። ሱዶ ማለት ኮምፒውተሩን በበላይ አለቃው ሥልጣን ማዘዝ ነው። ቀልድ ሁሉ ሆኗል፤ በር ቢቆለፍ «ሱዶ በልበት!» ይባባላሉ። መምህሩ ስንት ጊዜ «ይሄ ነገር ያስጠይቃችኋል» ብለዋል፤ የሰማቸው የለም። እሷም ትናንት «ሱዶ» ብላ ጻፈች፣ የይለፍ ቃሉን አስገባች፣ ብሮውዘሩም እንደ አለቃ ንብረት ተከፈተ። የነካቸውን ፋይሎች ሁሉ በአለቃው ስም አዛወራቸው። ዛሬ ጠዋት የፋይሎቹ ባለቤት እናቷ ስትመጣ «አልተፈቀደልሽም» ብሎ ዘጋባት።

የፌንጣ ጥፋት ዘግታ ስትከፍተው የሚለቅ ነገር ነበር። ያበላሸችው እሷ ናት።

በሩ ላይ ሁለት ልጆች ብቅ አሉ። «ፌንጣ፣ ና እንጂ! አሰልጣኙ እየጠበቀህ ነው።»

«አልችልም» አለ ፌንጣ ቀና ሳይል። «ተቀጥቻለሁ።»

«በእናትህ! ያንን ኳስ ሲመጣ ዓይኑን የሚጨፍነውን ልጅ ሊያስገባው ነው እኮ! ተበላን በለኛ!»

«ልክ ነው የተቀጣሁት» አለ ፌንጣ። «የእማዬን ኮምፒውተር አበላሽቻለሁ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያይተው ሄዱ። ልጅቷ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከዚያ የፋይሎቹን ባለቤትነት ለእናቷ የሚመልሰውን አንድ መስመር ጻፈች። ኢንተርን ከተጫነች የአለቃው ስም ከፋይሎቹ ላይ ይጠፋል፤ ጥፋቷም አብሮ። ማንም አያውቅም። ተጫነች።

ብሮውዘሩ ተከፈተ። እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ኪሱ፣ የሕፃኑ ኮት፣ አንድም ሳይቀር መጣ። ፌንጣ ከመሬት ዘሎ ተነሣ።

«አሪፍ ነሽ! ቀውጢ! አንቺ ባትኖሪ እኮ እማዬ ዕድሜ ልኳን አትለቀኝም ነበር።»

ልጅቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ላይ አልነቀለችም። እናቷና ነርሷ እየተሳሳቁ የገቡት በዚህ መሃል ነው።

«ግቢ ሲስተር፣ ግቢ» አለች እናቷ፣ ስክሪኑን ስታይ ደግሞ እጇን አጨበጨበች። «አላልኩሽም? አስነሣችው! አየሽልኝ፣ ሁለት ልጅ ሰጠኝ፤ አንዱ ያበላሻል፣ አንዷ ትጠግናለች።»

«ታድለሽ፣ እትዬ» አለች ነርሷ። «የእኛ ክሊኒክ ኮምፒውተር ሲቆም እንኳ ዝም ብለን ነው የምንተያየው።»

ፌንጣ ፈገግ አለ፤ ስድቡ ራሱ የሚገባው ይመስል። ልጅቷ ከወንበሯ ተነሣች።

«እማዬ፣ እሱ አይደለም ያበላሸው። እኔ ነኝ።»

እናቷ አየቻት፤ ፊቷ ሁሉ በደስታ ለስልሶ። «አይ የኔ ልጅ! ጨዋታ እንዳያመልጠው ብለሽ ነው አይደል? አየሽ ሲስተር፣ ለወንድሟ ያላትን አንጀት?»

ልጅቷ ይህን አልጠበቀችም። ዝም ብትል ይበቃል። ፌንጣም ይሄዳል፤ እሷም ከኢንጂነርነት በላይ ደግ እህት ትባላለች። ነርሷ እንኳ በአድናቆት እያየቻት ነው።

«ለእሱ ብዬ አይደለም» አለች። ጥቁሩን መስኮት ወደ ላይ መልሳ ቀድሞ የወጣውን ያንን ዝርዝር በጣቷ አሳየች። «እይው። ትናንት በአለቃው ሥልጣን የከፈተው ሰው ነው ይሄን ያመጣው። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ሲበራ አይጠይቅም፤ ያንን ለማድረግ ግን የይለፍ ቃሉን ማወቅ አለበት። የይለፍ ቃሉን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አንቺም እንኳ አታውቂውም፣ እማዬ።»

እናቷ ጽሑፉ አልገባትም፤ የልጇ ፊት ግን በደንብ ገብቷታል። ወደ ፌንጣ ዞረች።

«አንተ ደግሞ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ጓንትህ የታል?»

ፌንጣ ጓንቱን ከወንበሩ ላይ ነጥቆ ሲወጣ የለያቸውን ቁልፎች እንደገና ደበላለቃቸው። «ሳትጠይቀኝ ለነካኸው ማታ እንነጋገራለን!» ብላ እናቷ ጮኸችበት፤ እሱ ግን መንገዱን ጨርሷል። ነርሷ ነገሩ የቤተሰብ መሆኑን አውቃ ስክሪኑ ላይ አንገቶቹን መመልከት ጀመረች።

«ጠዋት ስጮህበት እዚሁ ነበርሽ» አለች እናቷ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ያኔ አላወቅኩም ነበር።»

«ካወቅሽ በኋላስ?»

«ካወቅኩ በኋላ... ትንሽ ቆየሁ።»

እናቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካከለች። «ትንሽ መቆየት ያለ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ደንበኛዋ ተመለሰች።

ነርሷ የቀሚሷን አንገት መርጣ ስትሄድ ልጅቷ ጥቁሩን መስኮት ገና አልዘጋችውም ነበር። «እማዬ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ» አለች። «የይለፍ ቃሉን ቀይሪውና አንቺ ያዢው።»

«እኔ? እኔ ምኑን አውቄ?»

«ማወቅ አያስፈልግሽም። ስፈልገው 'ለምን?' ብለሽ ጠይቂኝ። አስረዳሻለሁ። ማስረዳት ካቃተኝ አታስገቢልኝ።»

እናቷ ትንሽ አየቻትና ተቀመጠች። ልጅቷ የድሮውን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ አስገባችና አዲሱ የሚጻፍበትን ቦታ አሳየቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እናቷ የምትጽፈው በአንድ ጣት ነው። ቀጭ። ቆይታ፣ ቀጭ። ልጅቷ ይህን የቁልፍ ሰሌዳ አብጠርጥራ ታውቀዋለች፤ የቱ ፊደል ሲጫኑት እንደሚንቋቋ፣ የቱ ተጣብቆ እንደሚዘገይ። ሳታስበው ሁለተኛውን ፊደል ለየችው። ሦስተኛውንም ልትለየው ነው።

ሁለቱን ጆሮዎቿን በእጆቿ ግጥም አድርጋ ደፈነች።