ሄቨን ላይ የቀረችው ፀሐይ

መሐላ አልወድም። ግን ይኼን ስጽፍ ሥላሴ ያዩኛል፤ ከሆነው ላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ሌሊት አልነበረም። ጥር ሰባት፣ የሥላሴ ዕለት፣ ሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አለፍ ብሎ... ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር፣ ልጄ ጌትነት በሚያስተዳድራት ትንሽ ሆቴል ግቢ ውስጥ።

የልጅ ልጄ ሄቨን ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ከእንግዶቹ፣ እናቷ ጀበል ገበያ ካለው ሱቋ ስለማይላቀቁ ልጅቷ በኔ እጅ ናት። ስታስነጥስ እንኳ የምደነግጠው እኔ ነኝ።

አስተማሪዋ ሶፍያ የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ጋምቤላ ስላደገች አማርኛዋ ከኔ አይተናነስም። ለማስተማሪያ የሚሆን አንድ ካርቶን ሙሉ ዕቃ ነበራት። ሉል፣ ስማቸው የተለጠፈባቸው ድንጋዮች፣ መሃሉ በመርፌ የተበሳ ወፍራም ወረቀት... ደግሞ ጥቁር የወረቀት መነጽር።

«ሀቦባ፣ ነገ ጨረቃ ፀሐይን ትጋርዳለች» አለችኝ። ሀቦባ በእነሱ አያት ማለት ነው። «ልጆቹን እናንተ ግቢ ላሳያቸው።»

«ዓይናቸውስ?»

«መነጽሩ ለዚሁ አይደል!»

ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ አደለች።

እኔ ግን ወረቀት ዓይን ያድናል ብዬ አላመንኩም። አብሮ አደጌ ማናህሎሽ በልጅነታችን ፀሐይ ስትጠቁር አንጋጣ አይታ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው የምትለየው በድምፁ ነበር።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎህ ሲቀድ የሄቨንን መነጽር ከትራሷ ስር አወጣሁና ሻንጣዬ ገበር ውስጥ ከትቼ ሰፋሁበት።

ጠዋት ግቢው በልጆች ሞላ። ሄቨን ትራሷን እያገላበጠች ታለቅሳለች።

«እምዬ፣ መነጽሬን አይተሻል?»

«እኔ እንጃ፣ የኔ እናት። እስኪ ከመጋዘን ሽንኩርት አምጪልኝ።»

ገባች።

ከውጭ ቀረቀርኩት።

መጋዘኑ ከላይ እስከ ታች ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የለውም። የምሥራቁ ግድግዳ ብቻ በአሮጌ የሚስማር ቀዳዳ የተበሳሳ ነው።

«እምዬ! ክፈቺልኝ!»

«ትንሽ ነው... ለዓይንሽ ብዬ ነው።»

በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቆምኩ።

ከዚያ ብርሃኑ ተለወጠ...

መሸ እንዳልል አልመሸም። ገረጣ እንጂ፤ የታመመ ሰው ፊት እንደሚገረጣው። ዶሮዎቹ ወደ ማደሪያቸው አመሩ። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ስር ሲንጫጩ የነበሩት ልጆች ፀጥ አሉ።

ሄቨንም ማልቀሷን አቆመች።

«እምዬ...» በሹክሹክታ።

«ወዬ?»

«እዚህ ብዙ ትንንሽ ፀሐዮች አሉ።»

«ምን?»

«ሁሉም ተነክሰዋል። ልብሴ ላይ ናቸው።»

«አራግፊያቸው!»

«አራገፍኳቸው... አይለቁም።»

መቀርቀሪያውን ልስብ እጄን ሰደድኩ። ሶፍያ ከኋላዬ ደረሰች።

«ሀቦባ፣ ሄቨን የታለች?»

ከበሩ ዘወር አልኩ። እሷው ከፈተችው።

ሄቨን ከሽንኩርት ጆንያዎቹ መካከል ቆማለች። ፊቷ፣ ክንዷ፣ ቀሚሷ... ማጭድ በመሰሉ ትንንሽ ብርሃኖች ተሸፍኗል። ጆንያውም ግድግዳውም እንደዚያው።

ሶፍያ በሳቅ ፈነዳች።

«ኸላስ ሀቦባ፣ በቃ፣ አትፍሪ! እያንዳንዱ የሚስማር ቀዳዳ የፀሐይን መልክ ይጥላል፤ እንደኔ ወረቀት ማለት ነው። የናንተ መጋዘን ከኔ ካርቶን በለጠ!»

ልጆቹንም ጠርታ አስገባቻቸው። እፎይ አልኩ።

ቀስ በቀስ ፀሐይዋ ሞላች። ጆንያው ላይ ያሉት ብርሃኖች ክብ ሆኑ። ግድግዳው ላይ ያሉትም። የሌሎቹ ልጆች ሸሚዝ ላይ ያሉትም።

ሄቨን ላይ ያሉት ግን...

ሶፍያ ሳቋን አቆመች። እጇን ሄቨን ትከሻ ላይ አደረገች። እጇ ላይ ያረፈው ብርሃን ክብ ነው። ከጣቷ ጫፍ ወዲያ፣ የሄቨን ትከሻ ላይ ያለው፣ የተነከሰ።

እጇን አነሳች። መልሳ አደረገች።

«ይሄ...» አለች በሹክሹክታ፣ «ይሄን አልተማርኩትም።»

ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን እኛ ግቢ አምጥታ አታውቅም።

ሄቨን መነጽሩን የጣለችው ራሷ መስሏት፣ ሶፍያን አልቅሳ ይቅርታ ጠይቃለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ገበሩን ግን አልተረተርኩም።

ይኸው ዓመት አለፈ። ማንጎው ስር ስንቀመጥ በቅጠሉ መሃል የሚወርደው ብርሃን እኛ ላይ ክብ ነው፤ እሷ ላይ ማጭድ። ያንንስ እሺ ለምጄው ነበር።

ግን እየቀጠነ ነው...

ያኔ የሐብሐብ ቁራጭ ያህል ነበር። ዘንድሮ ፋሲካ ላይ እንደ ቅንድብ ሆነ።

ባለፈው እሁድ ጠራችኝ።

«እምዬ።»

«ወዬ፣ የኔ እናት?»

«ሊዘጋ ነው።»

«ምኑ?»

«ብርሃኑ። ሳይጠፋ ልየው፤ የሻንጣሽን ገበር ተርትሪና መነጽሬን ስጪኝ።»

ነግሬያት አላውቅም። ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

ቀና አልኩ። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ደመና ነው፤ ፀሐይ የለችም።

ሄቨን መዳፏን ዘረጋችልኝ። መሃሉ ላይ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ብርሃን ተኝታለች... ከሁለት ጫፏ ቀስ እያለች ትጠባለች።