የጋሼ ወልደየስ የቅዳሜ ጸሎት

መኳንንት ዘገየ።

ሩሐማ መኪናዋን ካልጋሪ፣ ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል በር ላይ ፓርክ አድርጋ፣ የኋላ መስታወቱን ለሦስተኛ ጊዜ አየች። የተከተላት የለም። ሩሐማ የሽፋን ስሟ ነው፤ በደኅንነት መሥሪያ ቤቷ መዝገብ «ጎረቤት» ትባላለች። በእጇ ለአለቃዋ ለመኳንንት የምታስረክባት ሚሞሪ ካርድ ይዛለች።

ባዶ ናት።

ካርዷ ላይ መኖር የነበረበት የጋሼ ወልደየስ ድምፅ ነው። ሽማግሌው ካናዳ መጥተው እዚሁ ካልጋሪ ዶቨር ሰፈር ከመግባታቸው በፊት፣ አገር ቤት የዋርካ በር ማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ዋርካ በር ሚጢጢ ከተማ ናት፤ የተሰበረ ቧንቧ ለማስጠገን እንኳ የወረዳውን ፊርማ ትለምናለች። ከንቲባዋን ደግሞ ዞኑ ነው ከማትታወቅ አገር አምጥቶ የሚጭንባት። ይኼ ያንገሸገሻቸው ሃያ አንድ ነዋሪዎች «ከንቲባችንን እኛው እንምረጥ» ብለው በድብቅ ፈረሙ፤ ዝርዝሩን አደራ የሰጡትም ለጋሼ ወልደየስ ነው።

እሳቸውም ለሰው አላሳዩም። ለጌታ ግን ይነግራሉ! በየቅዳሜው የጸሎት ኅብረት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሃያ አንዱንም በስም ከነአባታቸው እየጠሩ ይጸልዩላቸዋል። ሩሐማ አጠገባቸው ተንበርክካ፣ ኪሷ ውስጥ በያዘችው ስልክ እየቀዳች «አሜን» ትላለች። ጉድ እኮ ነው!

ዛሬ ጧት ግን አንጀቷ እምቢ አላት። ቅጂውን አጠፋችው።

መኳንንት የመኪናውን በር ከፍቶ ገባ።

«አመጣሽ?»

«ይኸው። ጠርተን እናነጋግራቸዋለን እንጂ አናስራቸውም ብለሃል፤ ቃልህን ጠብቅ።»

ካርዷን ተቀብሎ ሳያያት በመስኮት ወረወራት።

«ባዶ መሆኗ ጠፍቶኝ ነው? ስልኩን የሰጠሁሽ እኔ። አንቺ ስትቀጂ እኛም እንሰማ ነበር። ስድስቱ ታስረዋል፤ የቀሩት እየተፈለጉ ነው።»

ክው አለች።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር እኮ!»

«ዞኑ ቸኮለ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሥራሽን ጨርሰሻል። ጎበዝ።»

ስልኳ ጠራ። ጋሼ ወልደየስ ናቸው። መኳንንት በአገጩ «አንሺው» አላት፤ እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍታ አነሳችው።

«ሩሐማ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ሰዎቻችንን ወሰዱብን። ያስበላኋቸው እኔ ነኝ። ጮክ ብዬ ስጸልይ ከውጭ የሰማ አለ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ምን አጠፉ…»

«ስሚኝ። ከእንግዲህ ቤቴ አትምጪ። ኮልም አታድርጊልኝ፤ ቁጥሬን አጥፊው። ነገ ደግሞ አንቺን እንዳይነኩብኝ። አንቺ ምንም ያላጠፋሽ ልጅ ነሽ።»

«እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። መኳንንት ያያታል።

«እሺ ጋሼ።»

«ጌታ ይጠብቅሽ» ብለው ዘጉ።

መኳንንት ሳቀ። «አየሽ፣ ራሳቸው ሸኙሽ። ማንም አይጠረጥርሽም።»

ኀፍረቱ ከእግር እስከ ራሷ አቃጠላት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዶቨር ድረስ ነድታ እግራቸው ላይ መውደቅ ትችል ነበር። አላደረገችውም። ፈራች፤ በቃ፣ ፈራች።

ስልኩን ጭኑ ላይ ጣለችለት፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጣትን የመኪና ቁልፍም ትታ ወረደች። ለምሳ የሚገባው ሕዝብ ገበያውን ሞልቶታል። ከፊቷ የነበረች አንዲት ሴትዮ በሩን ይዛ አሳለፈቻት። እሷም ቀና ብላ ሳታያት፣ አንገቷን እንደ ደፋች ሕዝቡ መሐል ገባች።