ኪታቡ በየት በኩል ይጀመራል

ሚስራ ከሬሳው ጋር ተቆልፎባታል።

በሐይቁ ዳር ባለው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ማከማቻ ውስጥ፣ አዛውንቱ የመጽሐፍ ጠባቂ ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ጥንታዊ መጻሕፍት ከሚቀመጡበት አሮጌ ቁም ሣጥን ሥር በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸው ደም ለብሷል፤ ቀኝ እጃቸው የቁም ሣጥኑን ቁልፍ እንደጨበጠ ነው። ሚስራ የዐስር ሶላት ሰግዳ ስትመለስ እንዲህ ሆነው አገኘቻቸውና ጮኸች። ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው በመጻሕፍት ላይ ታግ የመለጠፉ ሥራ ኃላፊ ሕዝቅኤል አንዴ ሬሳውን አንዴ እሷን አየና፣ «ፖሊስ እስኪመጣ ንቅንቅ የለም» ብሎ በሩን ከውጭ ቆለፈባት። እስቲ ይታያችሁ፤ አንዲት ልጅ፣ እንደ አባት የምታያቸው ሰው ሬሳ፣ አንድ አምፖል። እጇ እስኪያብጥ በሩን ደበደበች። ማን ይስማት!

ኋላ የከፈተችላት ኢንስፔክተር አገርነሽ ናት። የዱርቤቴ ሰው ናት፤ ቀስ ብላ ትናገራለች፣ የያዘችውን ግን አትለቅም።

«የት ነበርሽ?»

«ውኃው ዳር። በኋላ በር ወጥቼ ሰገድሁ።»

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ከአላህ በቀር ማንም።»

«እሱ ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ ቃል አይሰጥም፣ ልጄ።»

ሕዝቅኤል ከደጃፉ ሆኖ ጣልቃ ገባ። «ውሸቷን ነው። ታግ በተለጠፈ ቁጥር መሣሪያው የሠራተኛውን ስምና ሰዓቱን ይይዛል። ሄድኩ ባለችበት ሰዓት እዚህ ቁጭ ብላ አራት መጽሐፍ ለጥፋለች። ሰው ይዋሻል፤ መሣሪያ አይዋሽም።»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አለች አገርነሽ፤ ለማን እንዳለችው ግን አልታወቀም።

ታግ የምትባለው ሆዷ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ያላት፣ የመጽሐፉን ስም የያዘች ተለጣፊ ወረቀት ናት፤ መጽሐፍ ሰርቆ የሚወጣውን ሰው በር ላይ የምታስጮኽበት እሷ ናት። ሚስራ አንድ ወር ሙሉ ስትለጥፍ ከርማለች።

«አራቱን ሳልነካቸው ነው የወጣሁት» አለች ድምጿ እየተሰበረ። «መሣሪያውን በስሜ እንደተከፈተ ትቼው ሄድሁ።»

«ታዲያ ማን ለጠፋቸው? ጂኒ?» አለ ሕዝቅኤል።

«ለምን አንቺ ዘንድ ቀሩ?» ጠየቀች አገርነሽ።

«በስጦታ የመጡ የዐረብኛ ኪታቦች ናቸው። ጋሽ ‹መጀመሪያና መጨረሻቸውን አላውቅም፤ እንዳላበላሻቸው አንቺው ሥሪያቸው› ብለው ሰጡኝ።»

አገርነሽ አንዱን ኪታብ አንሥታ ገለጠችው። ብዙ ቆይታ ከደነችው።

የውሰት ክፍሏ ወለተ ሩፋኤል፣ ተማሪ ፊቷ ተሰልፎ ስለነበር፣ ከወንበሯ አልተነሣችም፤ ተማሪዎቹም መሰከሩላት። የዋናው በር ጥበቃ ነስረዲን የሚስራ አባት ጎረቤት ነው። «በእኔ በር አልወጣችም» አለ አንገቱን ደፍቶ። እውነቱን ነው፤ እውነቱ ግን ልጅቷን ይበልጥ ጎዳት። ሚስራ ዛሬ የምታድርበት ሲታሰባት፣ አባቷ ጀልባ ከሚሠራበት ተነሥቶ ወደ እስር ቤት ምግብ ሲያመላልስ ታያት።

አገርነሽ አራቱንም ሠራተኞች ሬሳው ወደተነሣበት ማከማቻ ሰብስባ በሩን ዘጋች።

«ሚስራ፣ እንደ እነዚህ ሽፋኑ ያለቀ መጽሐፍ ታጉ የት ይለጠፋል?»

«መጨረሻው ገጽ ላይ።»

«በዚህኛው አሳዪኝ።»

ሚስራ ኪታቡን ተቀብላ በግራ በኩል ገለጠችው። «ባዶ ነው» አለች ግራ ገብቷት።

«በሌላው በኩል ክፈቺው።»

ገልብጣ ከፈተችው። ታጉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ልክ ቢስሚላሁ ላይ ተጣብቋል። «አስተግፊሩላህ። እዚህ ላይ ማን ለጠፈ?»

«አራቱም እንዲሁ ናቸው» አለች አገርነሽ። «ኪታብ ከቀኝ ይጀመራል። የለጠፈው ሰው መጨረሻው የመሰለው መጀመሪያው ነው። ሚስራ በልጅነቷ ቁርኣን የቀራች ናት፤ ብትደነግጥም ይህን አትስተውም። ነስረዲንም አይስተውም። ወለተ ሩፋኤል ደግሞ ከሰው ፊት አልጠፋችም።»

ሕዝቅኤል ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይሄ ግምት ነው።»

«ማስረጃውን ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ጨብጠውት ሞቱ።» ከሟቹ እጅ በተወሰደው ቁልፍ ቁም ሣጥኑን ከፈተችና የታግ ማንበቢያ መሣሪያውን ለወለተ ሩፋኤል ሰጠቻት። «ምን ይላል?»

«ጥንታዊዎቹ መጻሕፍት አንድም አልጎደሉም ይላል።»

«እስቲ በዓይንሽ እዪው።»

ወለተ ሩፋኤል ከመደርደሪያው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አወጣች። ሁሉም የተማሪ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ነው። «ወይኔ፣ ተሠራን» አለች።

«ጥንታዊዎቹ ወጥተው ስማቸው በእነዚህ ላይ ተለጠፈ። መሣሪያማ አይዋሽም፤ የነገሩትን ይደግማል። በታግ ላይ ስም ለመጻፍ የይለፍ ቃሉ ያለው ማን ነው?»

«እሱ ብቻ» አለች ወለተ ሩፋኤል፣ ወደ ሕዝቅኤል ሳታይ።

«ሽማግሌው መሣሪያውን አላመኑም፤ በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። ከኋላቸው መታሃቸው። የሚስራ መሣሪያ ክፍት ነበር፤ ኪታቦቹም ጠረጴዛው ላይ። ቁጭ ብለህ በስሟ ለጠፍህ። እሷ ስትመለስ ደግሞ ቆለፍህባት።»

ሕዝቅኤል በሩን አየ። ዝግ ነው። «ሽማግሌው ትንሽ ቢታገሱኝ ኖሮ…» አለና ግድግዳውን ታክኮ ቁጭ አለ።

እሱ በካቴና ከተወሰደ በኋላ አገርነሽ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ሂጂ፣ ልጄ። አባትሽ ደጅ ቆመዋል።»

ሚስራ ግን ዓይኗን ከኪታቦቹ አላነሣችም። «እነዚህስ?»

«ማስረጃ ናቸው። ፍርዱ እስኪያልቅ እንዳሉ ይቆያሉ።»

«ሲመለሱ ታጉን እኔው አላቅቀዋለሁ» አለች። እንባዋ መጣ። «ጋሽ አላውቅም ብለው ነው የሰጡኝ። አላውቅም ባይሉና ኪታቦቹ ባይቀሩልኝ ኖሮ ዛሬ ነጻ አልወጣም ነበር።»