ኦርጋን ቃኚዋ

የሳን ኢሲድሮ ሰው ሄናሮን ይወደዋል፤ አንድ ነገሩ ግን ያበሽቀዋል። መናገር ያለበትን ሁሉ ለነገ ያሳድራል። አውሮራን የወደዳት ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ «ነገ እነግራታለሁ» ሲል ከርሞ፣ በሠርጓ ቀን ወንበር አመላላሽ ሆኖ አረፈው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶት ዛሬም ከእናቱ ጋር ተራራው ላይ ፖም ያለማል። እናቱም ገበያ ተቀምጣ ፖሙንና አይብ የተሞላ ዳቦዋን እየሸጠች፣ «የኔ ልጅ አፉን የሚከፍተው ለምግብ ብቻ ነው» ትላለች።

ኦርጋን ቃኚዋ ኔሊዳ የመጣችው ሐሙስ ጠዋት፣ ጉሙ ከተማዋን ሸፍኖ ሰውና ዛፍ በማይለይበት ሰዓት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ ባለቧንቧ ኦርጋን በሦስት ቀን ቃኝታ፣ ቅዳሜ በአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ ትመለሳለች። ሰኞ ማለዳ ደግሞ ኦአካካ ከተማ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። እሷ ጓዳ በሚያህለው የኦርጋኑ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ገብታ ቧንቧዎቹን ስታስተካክል፣ ውጭ ተቀምጦ ቁልፎቹን አንድ በአንድ የሚጫንላት ሰው ያስፈልጋል። ቄሱ አባ ሩቤን ከከተማው ሰው ሁሉ ሄናሮን መረጡ።

«ትዕግሥተኛ ነው» አሉ። «ቀኑን ሙሉ ሳይናገር መቀመጥ ያውቅበታል።»

«እንዲህ ያለ ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት» አለች ኔሊዳ፣ እየሳቀች። ሄናሮ ጆሮው ድረስ ቀላ።

አጠገቡ ቆማ ሥራውን አሳየችው። «ያድምጡ። ሁለቱ ቧንቧዎች ካልተስማሙ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሲስማሙ ይረጋል። ውስጥ ሆኜም እሰማለሁ፤ ግን ከውጭ ያለ ጆሮ ይሻላል። ሲረጋ ይንገሩኝ።»

«እሺ» አለ። ሐሙስ ዕለት ከአፉ የወጣው ቃል «እሺ» እና «ረጋ» ብቻ ነበር።

ዓርብ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ እሷ ገብታ የሣጥኑ በር ገጠም ሲል አንደበቱ ተፈታ።

«ቁርስ በላሽ?»

ከውስጥ ቧንቧ የምትመታበት መዶሻ ቆመ። «ትናንት እኔ እርስዎ ብያለሁ። ዛሬ አንቺ ሆንኩ?»

«ይቅርታ፣ እ...»

«ኧረ ተወው፣ ደስ ይላል። አልበላሁም። ቀጣዩን ተጫን።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? በመካከላቸው እንጨት እስካለ ድረስ ሄናሮ ወሬኛ ሆነ። ውርጭ ስላቃጠለበት አበባ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ አውሮራና ስላመላለሰው ወንበር ሳይቀር ነገራት። በወንበሩ ወሬ ስትስቅ ሣጥኑ አብሯት የሚስቅ መሰለው። የሷንም ጠየቃት፤ ማን እንዳስተማራት፣ ከሥራ ስትመለስ ማን እንደሚቀበላት።

«ማንም» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «በየሄድኩበት ቁልፍ የሚጫንልኝ ሰው አለ። ሁሉም ስለ ራሱ ያወራኛል። ስለ እኔ የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ምሳ ሰዓት ግንባሯ አቧራ ለብሶ ወጣችና ፊቱ ቆመች። ሄናሮ አየት አድርጓት ጫማውን ማጥናት ጀመረ። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እሱም አያውቅም። ዓይኖቿ ማር መሳይ እንደሆኑ ግን አይቷል፤ ማታ እራቱን ሳይጨርስ የተነሣውም ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ቧንቧ ቀረች። ሄናሮ ቁልፉን ተጫነ። ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ወዲያው ረጋ።

«ረጋ?» አለች ኔሊዳ።

«ረጋ» ቢላት ዕቃዋን ሰብስባ ልትወጣ ነው። አውቶቡሱ ካመለጣት ደግሞ እሁድ ሌላ የለም። «ገና ነው» አለ።

ቀስ ብላ መታች። «አሁንስ?»

«ትንሽ ይቀረዋል።»

እንዲህ እየተባባሉ አንድ ሰዓት ያህል ሆናቸው። ያው አንድ ድምፅ ከደወሉ ማማ ሥር ወጥቶ ገበያውን ሞላው። ሽንኩርት ሻጯ ጎረቤት ሰልችቷት፣ «ያን ቧንቧ ምን ነካው?» ብትል፣ የሄናሮ እናት ዳቦዋን እየሸፈነች «ቧንቧውስ ደህና ነው። የተነካው ልጄ ነው» አለች።

ሄናሮ ግን ኦርጋኑ ጋ ተቀምጦ ያስብ ጀመር። በሥራዋ የምታድር ሴት ናት። ለሰኞ ቃል ሰጥታለች። እሱ አንዲት ቃል መተንፈስ ስላቃተው ቃሏን ሊያስበላት ነው? ጣቱን ከቁልፉ አነሣ።

«ኔሊዳ፣ ዋሽቼሻለሁ። ቧንቧው ከመጀመሪያውም ረግቷል። ብትሮጪ አውቶቡሱ ላይ ትደርሻለሽ። ዕቃሽን እኔ እሸከምልሻለሁ።»

ከዚያ በሩ ተከፈተና ኔሊዳ ወጣች። አልተቆጣችም፤ የምትቸኩልም አትመስልም።

«አውቶቡሱ ሄዷል» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጡሩምባውን ሲነፋ ሰማሁት። ጆሮዬ እኮ ነው እንጀራዬ።»

«ታዲያ ለምን አልወጣሽም?»

«ነገ ጠዋት ወተት የሚያመላልሰው መኪና ወደ ኦአካካ ይወርዳል።»

«እሱ ሰው አይጭንም!»

«እኔን ይጭናል። ሾፌሩን ትናንት ለምኜዋለሁ።»

ሄናሮ ትናንት የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ በልቡ ደገመው። ትናንት፣ እሱ ውሸቱን ገና ሳያስበው።

ኔሊዳ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እሷም አሁን ትንሽ ፈርታለች። «ከፈለግህ ሣጥኑ ውስጥ ልመለስና በሩን ልዝጋው። እንደዚያ ሲሆን ይቀልሃል።»

«አይሆንም!» አለ ሄናሮ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ። ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። «እዚሁ ሁኚ። እወድሻለሁ። ሦስት ቀን ነው፤ ሦስት ቀን ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ብጠብቅም የምነግርሽ ይህንኑ ነው።»

አንዲት የእንባ ዘለላ የኔሊዳን ጉንጭ አቧራ ጠርጋ ወረደች። እጁን ያዘችው።

«ነገ ግን እሄዳለሁ» አለች። «ኦአካካ ሁለት ወር ይፈጅብኛል። እዚያ ደግሞ ቁልፍ የሚጫንልኝ ሰው ገና አላገኘሁም።» ቀና ብላ አየችው። «አስብበት። የፖሙ ለቀማ አለብህ፣ እናትህም አሉ። መልሱን በስልክ ብትነግረኝም...»

«ለቀማው ዓርብ ያልቃል» አለ ሄናሮ። «ቅዳሜ ኦአካካ እደርሳለሁ።»